ሬጂናልድ ሐምሊን

ዶክተር ሬጂናልድ ሄንሪ ጄምስ ሐምሊን (ኤፕሪል 21 ቀን 1908 – ኦገስት 4 ቀን 1993 እ.ኤ.አ.) በኒው ዚላንድ የተወለዱ የማህፀንና የፅንስ ሐኪም ነበሩ። ከባለቤታቸው ከአውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ጋር የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሥርተዋል። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ፣ ለ34 ዓመት ያህል፣ ኑሮአቸውም ሥራቸውም በኢትዮጵያ ነበር።

በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው የዶክተር ካትሪን ስም ነው። እርሳቸው ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ለብዙ ዓመታት ሆስፒታሉን መርተዋል፤ ዓለም ስለ ሆስፒታሉ በሰፊው የሰማውም በዚያ ጊዜ ነው። ሆኖም የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና በኢትዮጵያ የቆመበትን ሥርዓት ሁለቱ በጋራ አበጅተውታል። የዚህ ሥርዓት መሠረት በሴት ልጅ አካል ላይ የሚደረግ ሕክምና ደህንነቱ የሚለካው በቀዶ ሐኪሙ እጅ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚደረገው ዝግጅት፣ በኋላ የሚደረገው ክትትልና የሚቀጥለው ወሊድ ሁሉ የሕክምናው ክፍሎች ናቸው።

የመጀመሪያ ዓመታት

ሬጂናልድ ሐምሊን የተወለዱት በኒው ዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት፣ በናፒየር ከተማ ነው። ሕክምና ተምረው በማህፀንና በፅንስ ሕክምና ከሠለጠኑ በኋላ በአውስትራሊያ ሲድኒ ከተማ የክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል የሕክምና ኃላፊ ሆኑ። ካትሪን ኒኮልሰን የምትባል ወጣት ሐኪም በዚሁ ሆስፒታል ለመሥራት መጣች። በ16 ዓመት ይበልጧት ነበር። በ1950 እ.ኤ.አ. ተጋቡ፤ በ1952 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ የተባለ ልጃቸው ተወለደ።

በክራውን ስትሪት ሳሉ ዶክተር ሬጂናልድ ትኩረታቸው ያረፈው በኤክላምፕሲያ ላይ ነበር። ይህ በእርግዝና ወቅት ከደም ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣና ነፍሰ ጡሯን የሚያንቀጠቅጥ፣ እናትንም ፅንስንም የሚገድል ሕመም ነው። በዚያን ዘመን የነበረው ልማድ ሕመሙ ሲመጣ ማከም ነበር። እርሳቸው ግን ነፍሰ ጡሮች ገና ከእርግዝናው አጋማሽ አንስቶ በየጊዜው እየተመዘኑ፣ የደም ግፊታቸው እየተለካና አመጋገባቸው እየተስተካከለ እንዲጠበቁ አደረጉ። በሆስፒታሉ የኤክላምፕሲያ ቁጥር በእጅጉ መቀነሱን የሚገልጸው ጽሑፋቸው በ1952 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ምግብን በመቆጣጠር ሕመሙን መከላከል ይቻላል የሚለውን ሐሳብ የኋላ ጥናቶች አልደገፉትም። ነፍሰ ጡርን አደጋው ሳይደርስ አዘውትሮ መመርመር ግን ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሠራበት መሠረታዊ ደንብ ነው።

ባልና ሚስቱ በእንግሊዝና በሆንግ ኮንግ ከሠሩ በኋላ ወደ አውስትራሊያ ተመለሱ። በ1958 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ አንድ ማስታወቂያ አነበቡ። የኢትዮጵያ መንግሥት በአዲስ አበባ የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማህፀንና የፅንስ ሐኪም ይፈልግ ነበር። ውሉ የሦስት ዓመት ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ መምጣት

ሁለቱ ሐኪሞች በ1959 እ.ኤ.አ. ከልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ዶክተር ሬጂናልድ የ51 ዓመት፣ ዶክተር ካትሪን የ35 ዓመት ሰዎች ነበሩ። የተመደቡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ይህ ሆስፒታል በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል።

የሆስፒታሉ ስም ራሱ ታሪክ ነበረው። የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በጣሊያን ወረራ ዘመን በስደት ሳሉ በለንደን ነርስነት ተምረዋል። ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ በ1942 እ.ኤ.አ. በነቀምቴ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። ነርስ የነበረች የንጉሥ ልጅ እንኳ በወሊድ ምክንያት በምትሞትበት አገር የገጠሯ ሴት ዕጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ሐምሊኖች የተጠሩትም አዋላጅ በማሠልጠን ይህንን ለመለወጥ ነበር።

የአዋላጆቹ ትምህርት ቤት በገንዘብ እጥረት ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ሐኪሞቹ ግን አልሄዱም። በመጡ ሰሞን አንድ የሙያ ባልደረባቸው የፊስቱላ ታካሚዎችን ሲያዩ ልባቸው እንደሚሰበር ነግሯቸው ነበር። ሁለቱም ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት በሥራቸው ላይ አላጋጠማቸውም። በአውስትራሊያና በአውሮፓ ምጥ ሲጠና ቀዶ ሕክምና ስለሚደረግ በወሊድ የሚመጣ ፊስቱላ ከመጻሕፍት በስተቀር የማይገኝ ሆኖ ነበር።

የጉዳቱ ምንነት

በወሊድ የሚመጣ ፊስቱላ የተራዘመ ምጥ ውጤት ነው። የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ ዳሌ ማለፍ ሲያቅተው፣ ምጡ ሁለት ሦስት ቀንና ከዚያም በላይ ሲቆይ፣ ራሱ የሽንት ፊኛንና የብልትን ግድግዳ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫናል። ደም የማይደርሰው ሥጋ ይሞታል። ከወሊዱ በኋላ በቀናት ውስጥ የሞተው ሥጋ ሲረግፍ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይከፈታል፤ ሽንትም ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ጫናው ወደ ኋላ ከሆነ ቀዳዳው ወደ ፊንጢጣ ይከፈትና ሰገራም ይፈስሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። የእግር ነርቭ ተጎድቶም እግሯን ማንሳት የሚያቅታት ሴት አለች።

ጉዳቱ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 2000 ዓመት ገደማ በግብፅ ቤተ መንግሥት የኖረችው የሄንሄኒት አስከሬን በ1935 እ.ኤ.አ. ሲመረመር እንዲህ ያለ ቀዳዳ ተገኝቶበታል። መድኃኒቱ ግን ዘግይቶ መጣ። አሜሪካዊው ማሪዮን ሲምስ በ1849 እ.ኤ.አ. በብር ክር ሰፍተው ቀዳዳ በመዝጋት ተሳካላቸው። ይህንን የተማሩት ግን በአላባማ በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ ያለ ማደንዘዣ ደጋግመው ቀዶ ሕክምና በማድረግ ነው። ከሴቶቹ አንዷ አናርቻ 30 ጊዜ ያህል ተቀድዳለች። በማህፀን ሕክምና ታሪክ የታካሚ ፈቃድና ደህንነት ጥያቄ ሲነሳ ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ቀዶ ሕክምናውን መማር

ዶክተር ሬጂናልድና ባለቤታቸው ሥራውን የጀመሩት የታተሙ ጽሑፎችን እያሰባሰቡ በማጥናት ነው። ከሁሉም በላይ የረዳቸው የካይሮው ሐኪም ናጊብ ማህፉዝ ፓሻ ሥራ ነበር። እኚህ ሐኪም በካስር አል-አይኒ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ፊስቱላ ሲያክሙ የኖሩ ናቸው። ታዋቂው ግብፃዊ ደራሲ ናጊብ ማህፉዝ ስሙን ያገኘው በአስቸጋሪ ወሊድ ካዋለዱት ከእርሳቸው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ያከሟቸው ታካሚዎች 30 ያህል ነበሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ 300 ደረሰ። ወሬው በገጠር ተዳረሰ፤ የዳነችው ወደ መንደሯ ስትመለስ ሌላዋ መንገድ ጀመረች። ብዙዎቹ ለቀናት በእግር ተጉዘው፣ በአውቶቡስም ሽንት ስለሚፈሳቸው ተሳፋሪው ሲያገልላቸው ታግሠው የደረሱ ናቸው። በአጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ ከሌሎች በሽተኞች ጋር ማስተኛቱ ስላስቸገረ ሐምሊኖች በሆስፒታሉ ግቢ ለፊስቱላ ታካሚዎች የተለየ ማረፊያ ሠሩ።

በ1966 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን (በሙያ ጽሑፎቻቸው ኒኮልሰን በሚለው የቤተሰብ ስማቸው) የ600 ፊስቱላዎችን ሕክምና ልምዳቸውን በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት አወጡ። ጽሑፉ ከጥገናው በኋላ እንደገና አርግዘው የመጡ ሴቶችን 80 ወሊዶችም ይመረምራል። የዳነችውን ሴት እስከሚቀጥለው ወሊዷ ድረስ መከታተላቸው የአሠራራቸው መለያ ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሽንት መውጫ ቱቦአቸው በምጥ ፈጽሞ የጠፋባቸውን ሴቶች እንዴት መልሶ መሥራት እንደሚቻል በብሪታንያ ሕክምና መጽሔት ጻፉ። እነዚህ ሴቶች ከዚያ በፊት ተስፋ የሌላቸው ተደርገው ይታዩ ነበር።

የቀዶ ሕክምናው አደጋዎችና ጥንቃቄዎች

የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው በብልት በኩል የሚደረግ ሲሆን ሆድ አይከፈትም። ስለዚህም ሕይወት የሚያሰጋው ከብዙ ቀዶ ሕክምናዎች ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ የራሱ አደጋዎች አሉት።

የመጀመሪያው አደጋ መቸኮል ነው። ከወሊዱ በኋላ ወዲያው ሥጋው ያበጠ፣ የሞተውም ከደህናው ያልተለየ ስለሆነ ስፌት አይይዝም። የመጀመሪያው ጥገና ከከሸፈ ቦታው ጠባሳ ይሆንና ቀጣዩ ይበልጥ ይከብዳል። በተለመደው አሠራር ሥጋው እስኪጠራ ድረስ፣ ብዙ ጊዜም ሦስት ወር ያህል፣ ይጠበቃል። በሌላ በኩል ሴቲቱ ከተራዘመው ምጥ በኋላ ሳትዘገይ ከመጣችና ካቴተር ገብቶላት ፊኛዋ ባዶ ሆኖ ከቆየ ትንሽ ቀዳዳ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊዘጋ ይችላል።

ሁለተኛው የታካሚዋ አቅም ነው። ብዙዎቹ የሚመጡት ከስተው፣ ደም አንሷቸው ነው። ሽንት እንዳይፈስሳቸው ውኃ መጠጣት የሚተዉ፣ ለወራት ተኮራምተው በመተኛታቸው ጉልበታቸው የታጠፈ ሴቶችም አሉ። በሐምሊኖች አሠራር ታካሚዋ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ትመገባለች፣ ትታጠባለች፣ እግሯ በእንቅስቃሴ ሕክምና እንዲፍታታ ይደረጋል። ይህ ሳምንታትን ሊወስድ ይችላል።

ሦስተኛው በቀዶ ሕክምናው ወቅት የሚደርስ ጉዳት ነው። ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርዱት ሁለቱ ቀጭን ቱቦዎች አንዳንድ ጊዜ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይገኛሉ። ሐኪሙ ሳያያቸው አብሮ ከሰፋቸው ኩላሊት ይጎዳል። ስለዚህ ስፌት ከመጀመሩ በፊት ቱቦዎቹን ፈልጎ ማግኘት ግድ ነው። ጠባሳውን በሚገባ ሳያላቅቁ በመወጠር መስፋትም ስፌቱን ያስለቅቃል። የተሰፋው ቦታ ደም እንዲያገኝ ከብልት ከንፈር ሥር የስብ ሥጋ ከነደም ሥሩ ተስቦ መካከል ይገባል፤ ይህን ዘዴ ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ማርቲየስ በ1928 እ.ኤ.አ. አስተዋውቀውታል። ለከባድ ጉዳት ሐምሊኖች ከጭን የሚወሰድ ጡንቻም ተጠቅመዋል። በመጨረሻም ፊኛው በሰማያዊ ቀለም በተቀላቀለ ውኃ ይሞላል። ቀለሙ ወደ ብልት ካልወጣ ቀዳዳው ተዘግቷል ማለት ነው።

አራተኛው አደጋ የሚመጣው ታካሚዋ ወደ አልጋዋ ከተመለሰች በኋላ ነው። ካቴተሩ ለሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ቢዘጋ ወይም ቢጣመም ፊኛው ይሞላና ስፌቱ ይበጠሳል። የሰዓታት የቀዶ ሕክምና ልፋት በአንድ ሌሊት ቸልተኝነት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሴቲቱ ብዙ ውኃ እንድትጠጣ፣ ካቴተሩ ዘወትር እንዲንጠባጠብ፣ አልጋዋ ደረቅ መሆኑ በየጊዜው እንዲታይ ይደረጋል። ይህን ሥራ በሆስፒታሉ በብዛት የያዙት ራሳቸው ታክመው የዳኑና እዚያው ረዳት ነርስ ሆነው የቀሩ ሴቶች ናቸው። በካቴተር መኖር ምን እንደሆነ ያውቁታል፤ አዲስ የመጣችውን በራሷ ቋንቋ የሚያጽናናትም ብዙ ጊዜ ከእነርሱ መካከል ይገኛል።

አምስተኛው ከተዘጋም በኋላ የሚቀር ችግር ነው። በሆስፒታሉ ከአሥር ቀዳዳዎች ዘጠኙ ያህል ይዘጋሉ። ይሁንና ፊኛቸው የጠበበ ወይም የሽንት መቆጣጠሪያቸው የተጎዳ አንዳንድ ሴቶች ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላም ሽንት ያመልጣቸዋል። መዝጋትና መዳን አንድ አለመሆናቸውን ለታካሚዋ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ የተጠገነችው ሴት ዳግም ካረገዘች በቀዶ ሕክምና መውለድ ይኖርባታል። በቤቷ ካማጠች ጥገናው ሊፈርስ፣ እርሷም ልትሞት ትችላለች።

ሆስፒታሉ

የታካሚዎቹ ቁጥር ከማረፊያው አቅም በላይ ሲሆን ሐምሊኖች ለፊስቱላ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ለመሥራት ወሰኑ። ገንዘቡን ያሰባሰቡት ከውጭ አገር ለጋሾች ነው፤ ለዚህም ዶክተር ሬጂናልድ ብዙ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ብዙም ተጉዘዋል። ግንባታው በሂደት ላይ ሳለ የ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳና ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። በዚያ ሁሉ ውስጥ ሥራው አልቆመም። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል በምዕራብ አዲስ አበባ በወንዝ ዳር ግንቦት 16 ቀን 1967 ዓ.ም. (ሜይ 24 ቀን 1975 እ.ኤ.አ.) ተከፈተ። ዶክተር ሬጂናልድ ያን ጊዜ የ67 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ በሌላ ቦታ ቢሆን ጡረታ የሚወጡበት ዕድሜ ነው።

ሆስፒታሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከታካሚ ክፍያ አይጠይቅም። ይህ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ የሕክምናው ደህንነትም ይጠይቀዋል። ገንዘቧን እየቆጠረች የምትታከም ሴት ካቴተሯ ሳይወጣ ወደ አገሯ ልትመለስ፣ ወይም በሚቀጥለው እርግዝናዋ ሳትመጣ ልትቀር ትችላለች። የዳነችው ሴት ወደ ቤቷ ስትሄድ አዲስ ቀሚስና የመንገድ ገንዘብ ይሰጣታል። ዳግም ካረገዘች ወደ ሆስፒታል መምጣት እንዳለባትም ይነገራታል።

በደርግ ዘመን ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ከኢትዮጵያ ሲወጡ ሐምሊኖች ቀሩ። በቀይ ሽብርና በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዓመታትም ሆስፒታሉ በሩን አልዘጋም።

ማሚቱ ጋሼ

ከዶክተር ሬጂናልድ ተማሪዎች መካከል ይበልጥ የምትታወቀው ማሚቱ ጋሼ ናት። ማሚቱ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከገጠር በከባድ የወሊድ ጉዳት መጥታ የታከመች፣ ማንበብና መጻፍ የማታውቅ ወጣት ነበረች። ከታከመች በኋላ አልጋ በማንጠፍና ሌሎች ታካሚዎችን በመርዳት ጀመረች። ከዚያም በቀዶ ሕክምና ክፍል ዶክተር ሬጂናልድን መሣሪያ በማቀበል ትረዳ ነበር። የእጇን ርጋታና የዓይኗን ትኩረት ያዩት ሐኪም ደረጃ በደረጃ ቀዶ ሕክምናውን ራሱን አስተማሯት። በጊዜ ብዛት ማሚቱ ከሌላ አገር የሚመጡ ሐኪሞችን የምታሠለጥን የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች።

በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ሁለቱን ሐምሊኖችና ማሚቱን በወርቅ ሜዳሊያ አከበረ። መደበኛ ትምህርት ያልተማረች ሴት ቀዶ ሕክምና ማድረጓ ለብዙዎች አስገራሚ ነበር። ሥራው ግን በዘፈቀደ አልተሰጣትም። ለዓመታት ከባለሙያው ጎን ቆማ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ደጋግማ አይታ፣ በቅርብ ቁጥጥር ሠርታ ነው የቻለችው። በቀዶ ሕክምና ደህንነት ከምስክር ወረቀት ጋር እኩል የሚመዘነው ይህ በቁጥጥር ሥር የሚገኝ ልምድ ነው።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

ዶክተር ሬጂናልድ በ80ዎቹ ዕድሜያቸውም ከሥራው አልራቁም። በመጨረሻ በጠና ታመው ሐምሌ 28 ቀን 1985 ዓ.ም. (ኦገስት 4 ቀን 1993 እ.ኤ.አ.) በ85 ዓመታቸው አዲስ አበባ አረፉ። የተቀበሩት በጉለሌ በሚገኘው የእንግሊዞች የጦር መካነ መቃብር ነው። ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን በ2020 እ.ኤ.አ. በ96 ዓመታቸው ሲያርፉ አጠገባቸው ተቀብረዋል።

ከሞታቸው በኋላና ደቡብ ኦሞ

በዶክተር ሬጂናልድ ዘመን ሕክምናው የሚገኘው አዲስ አበባ ብቻ ነበር። ለሩቅ አካባቢዎች ይህ ትልቅ እንቅፋት ነበር። ጂንካ ከአዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሐመር፣ ከዳሰነች፣ ከኛንጋቶም ወይም ከሙርሲ መንደር የምትነሳ ሴት ደግሞ መጀመሪያ ጂንካ ለመድረስ ራሱ ረጅም መንገድ አለባት። አዲስ አበባ ስትደርስም ቋንቋዋን የሚሰማ ሰው ላታገኝ ትችላለች።

ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዶክተር ካትሪንና የሥራ ባልደረቦቻቸው በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ የፊስቱላ ማዕከላት ከፈቱ። ከእነዚህ መካከል ለደቡብ ኦሞ የሚቀርበው የይርጋለሙ ነው። በኮንሶና በአርባ ምንጭ በኩል የሚደረገው ጉዞ አሁንም ቀላል አይደለም፤ ከአዲስ አበባው ግን አጥሯል። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 እ.ኤ.አ. የመጡበትና በገንዘብ እጥረት የተቋረጠው ሥራ በዚህ መንገድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ቀጠለ። በሆስፒታሉና በማዕከላቱ የታከሙት ሴቶች ከ60,000 በላይ ሆነዋል።

ፊስቱላን የሚያስቀረው ግን ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን በጊዜ መድረስ ነው። በደቡብ ኦሞም እንደ ሌላው የገጠር ኢትዮጵያ ሁሉ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ የምትጓዝበት ርቀት ዕጣዋን ይወስናል። የእናቶች ማቆያ የሚባሉት በጤና ተቋም አጠገብ የሚሠሩ ቤቶች የተፈለጉት ለዚህ ነው፤ ነፍሰ ጡሯ ምጥ ከመምጣቱ በፊት ሄዳ እዚያ ትቆያለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከሚሠሯቸው ሥራዎች አንዱ ነፍሰ ጡሮችን እየለዩ በጊዜ መላክ ነው።

ለዛሬው የማህፀን ሕክምና ያላቸው ትርጉም

ሆስፒታል በተስፋፋባቸው አገሮች ፊስቱላ የሚፈጠረው በአብዛኛው በምጥ አይደለም፤ ማህፀን ሲወጣ ወይም በቀዶ ሕክምና ሲወለድ ፊኛ ወይም የሽንት ቱቦ በስህተት በመጎዳቱ ነው። በኢትዮጵያም ቀዶ ሕክምና በየአካባቢው እየተስፋፋ ሲሄድ እንዲህ ያለው ጉዳት ከምጥ ከሚመጣው ጎን ለጎን የሚታይ ሆኗል። ሕክምና መቅረቡ በረከት ቢሆንም በሥልጠናና በጥንቃቄ ካልታጀበ አዲስ ጉዳት ይዞ ይመጣል።

ይህ ለትልልቅ ቀዶ ሕክምናዎች ብቻ የሚሠራ አይደለም። ለምሳሌ ያልተለመደ ደም ለሚፈስሳት፣ በተለይም ካረጠች በኋላ ደም ላየች ሴት ከማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ናሙና መውሰድ ካንሰርን በጊዜ ለማግኘት የሚረዳ አጭር ምርመራ ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ከዚህ በኋላ የሚሰማቸው እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠትና ለጥቂት ቀናት የሚቆይ ትንሽ ደም ነው። አልፎ አልፎ ግን ማህፀን ሊበሳ፣ ኢንፌክሽን ሊገባ ወይም ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ እርግዝና አለመኖሩ ይረጋገጣል፣ ኢንፌክሽን ካለ መጀመሪያ ይታከማል፣ ደም ቶሎ የማይረጋላት መሆኗ ይጠየቃል። የማህፀኑ መጠንና አቅጣጫም በእጅ ይታወቃል፤ መሣሪያው በኃይል አይገፋም። ታካሚዋም ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ብዙ ደም ካየች ሳትውል ሳታድር እንድትመለስ ይነገራታል። መመለሻው ሩቅ ለሆነባት ሴት ምክሩ ከመሄዷ በፊት በሚገባት ቋንቋ ሊሰጣት ይገባል።

ዶክተር ሬጂናልድ በሲድኒ ነፍሰ ጡሮችን ሳይታመሙ እየመዘኑ የጀመሩትና በአዲስ አበባ ካቴተር እያስጠበቁ የጨረሱት ሥራ ከዚህ ጋር አንድ ነው። የዳነች የሚሏት ቀዳዳዋ የተዘጋላትን ብቻ ሳይሆን ወደ ቤቷ በደህና ገብታ ቀጣዩን ልጇን በሕይወት የታቀፈችውን ሴት ነበር።